ፖሊስነት ዕድሜንም ብስለትንም ይጠይቃል

የአንድ አገር ሰላምና ጸጥታ በሕግ ይጠበቃል ሲባል ሕጉ በወረቀት ላይ ሰፍሮ በመዝገብ ቤት ተቀመጠ ማለት እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ሕግ እጅና እግር፣ ዓይንና ጆሮ የሚያገኘው በሚያስከብሩት ሰዎች አማካይነት ነው። ከእነዚህም መካከል ሕዝቡ በየዕለቱ በገበያው፣ በአውቶቡስ ተራው፣ በወፍጮ ቤቱ በርና በሠፈሩ መንገድ የሚያገኘው ፖሊስን ነው። ለአብዛኛው የከተማ ነዋሪ የመንግሥት ፊት ዳኛውም ሆነ ሚኒስትሩ አይደለም፤ ከደጁ ቆሞ «ወደ ጣቢያ እንሂድ» የሚለው ባለ መለዮ ነው። ስለሆነም ያ ባለ መለዮ በስንት ዓመቱ ልብሱን ለበሰ? ልቡናውስ ከልብሱ ጋር እኩል ደርሷልን? ብሎ መጠየቅ ለቅጥር ክፍል ሹማምንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ፖሊስ በእጁ የተሰጠው ሥልጣን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቀድሞ መመልከት ይገባል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ በተወሰኑ ሁኔታዎች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው እንዲይዝ ፈቅዶለታል። ነገር ግን የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፍርድ ቤት እንዲያቀርብ፣ የተጠርጣሪውን ቃል ሲቀበል እንዳያስፈራራውና በተስፋም እንዳያባብለው፣ ቃሉን የመስጠት ግዴታ እንደሌለበትም እንዲነግረው አዝዞታል። የ48 ሰዓቱ ገደብ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ውስጥም ሰፍሯል። እነዚህ ድንጋጌዎች በአዳራሽ ሲነበቡ ቀላል ይመስላሉ። በሌሊት፣ በዝናብ፣ ጩኸት በበዛበት ግቢ ውስጥ፣ አንዱ ደም እየፈሰሰው ሌላው ድንጋይ ይዞ ሲፎክር ግን እነርሱን አስታውሶ ለመሥራት ከትምህርት በላይ የሆነ ነገር ያስፈልጋል። እርሱም ራስን መግዛት ነው።

ዳኛ አንድን ነገር ለመወሰን ችሎት ይሰየማል፤ መዝገብ ያገላብጣል፤ ምስክር ይሰማል፤ ቢያስፈልገው ለሌላ ቀን ይቀጥራል። ቢሳሳትም ይግባኝ አለ። ፖሊስ ግን ለመተኮስ ወይም ላለመተኮስ፣ ለመያዝ ወይም ለመልቀቅ የሚኖረው ጊዜ አንዳንዴ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ከአፈሙዝ የወጣ ጥይት ይግባኝ የለውም። የበላይ ፍርድ ቤት ሊሽረው የማይችለውን ውሳኔ በአንድ ቅጽበት እንዲሰጥ የምንሾመውን ሰው ስንመርጥ ቁመቱን በሜትር፣ ደረቱን በሴንቲሜትር ለክተን ማስተዋሉን ሳንለካ የምንቀር ከሆነ ዋናውን ትተን ትርፉን ያዝን ማለት ነው።

አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲሉ ልጅን ለመናቅ አይደለም። ሊጡ እንዲበቃ ጊዜ እንደሚያስፈልገው ሁሉ እጅም እስኪለምድ ጊዜ እንደሚፈልግ ለማስረዳት ነው። ሕጋችንም ይህንኑ ያውቃል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ኋላም የተተካበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ከ9 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወንጀል እንዳይጠየቅ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም ለአዋቂ ከተደነገገው በተለየ ሥርዓት እንዲታይ ደንግገዋል። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ያልሞላውም ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ የሞት ቅጣትም አይፈረድበትም። የሕጉ ምክንያት ግልጽ ነው፦ ይህ ሰው የሥራውን ውጤት አርቆ ለማየት ገና አልበሰለም ማለት ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በ18ኛ ዓመቱ ዋዜማ «አእምሮው ገና ነው» ተብሎ ቅጣት የሚቀልለት ወጣት በማግሥቱ ጠመንጃ ታጥቆ የሌላውን ሰው ጥፋት ለመመዘን ብቁ ይሆናልን? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 18 ዓመትን የአካለ መጠን መድረሻ አድርጎ መወሰኑ ሰው ንብረቱን እንዲያስተዳድርና ውል እንዲዋዋል ነው። ሕግ አውጪ ከአንድ ስፍራ ላይ መስመር ማስመር አለበትና አሰመረ። ይሁን እንጂ መስመሩ ሰው መብሰል የሚጀምርበትን እንጂ በስሎ የሚያበቃበትን ቀን አያመለክትም። በዘመናችን የአእምሮ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ስሜትን የሚገታውና መዘዝን የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ድረስ እድገቱን ይቀጥላል። ሽማግሌዎቻችን በልምድ ሲናገሩት የኖሩትን ሳይንስ በመሣሪያ አይቶ መሰከረ ማለት ይቻላል።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ብዙዎቹ ወታደሮች ስለሆኑ «እኛስ በ18 ዓመታችን ታጥቀን ዘመትን አይደለምን? ለፖሊስ ሲሆን ስለምን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ?» ብለው እንደሚጠይቁ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅም ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ዜጎች ለግዳጅ ጠርቶ እንደነበር አይዘነጋም። መልሱ ያለው ግን በሁለቱ ሙያዎች ጠባይ ውስጥ ነው። ወጣቱ ወታደር ብቻውን አይቆምም። በስተቀኙ ጓደኛው፣ በስተኋላው አሥር አለቃው፣ ከእነርሱም በላይ ሻምበሉ አለ። ተኩስ ሲባል ይተኩሳል፤ አቁም ሲባል ያቆማል። የማመዛዘኑ ሸክም በአብዛኛው ያለው በዕድሜና በማዕረግ በሚበልጡት አዛዦች ትከሻ ላይ ነው።

ፖሊሱ ግን እንደዚህ አይደለም። በሠራዊት ውስጥ ከሁሉ በታች ያለው ወታደር ከሁሉ ያነሰ የመወሰን ነጻነት ሲኖረው፣ በፖሊስ ውስጥ ከሁሉ በታች ያለው ኮንስታብል በየመንገዱ ከሁሉ የበዛውን ውሳኔ በራሱ ይወስናል። ሳጅኑ በጣቢያ ነው፤ ኢንስፔክተሩ በቢሮ ነው፤ ኮንስታብሉ በጨለማው ቅያስ ላይ ከአንድ ባልደረባው ጋር፣ አንዳንዴም ለብቻው ነው። ደግሞም ወታደር ፊት ለፊቱ የሚጠብቀው ጠላቱን ሲሆን ፖሊስ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው የሚጠብቀውን ሕዝብ፣ ማለትም ጎረቤቱን፣ የአክስቱን ልጅ፣ ቀድሞ ያስተማረውን መምህር ነው። ስለዚህ የወታደርነት ጀግንነት እንዳለ ሆኖ፣ የፖሊስ ሥራ በወጣትነት ዕድሜ ሌላ ዓይነት ሸክም መሆኑን ወታደሩ ወገናችን ከማንም ይልቅ ሊረዳው ይችላል።

ለምሳሌ ያህል በማንኛውም ከተማ ሊደርስ የሚችለውን እንመልከት። ደመወዝ በተከፈለበት ቅዳሜ ማታ ከግንባር ለዕረፍት የመጣ፣ የ40 ዓመት ዕድሜ ያለው ሃምሳ አለቃ በአንድ መጠጥ ቤት ሒሳብ አልስማማ ብሎ ይጣላል። ባለቤቲቱ ትጮሃለች፤ ፖሊስ ይጠራል። የሚመጣው ለማሠልጠኛ ከተሰናበተ ሁለት ወር ያልሞላው የ18 ዓመት ኮንስታብል ነው። ሃምሳ አለቃው አየት አድርጎት «አንተ ልጅ፣ እናትህ ታውቃለች?» ይለዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ይህን ጊዜ ነው ዕድሜ የሚለየው። የበሰለው ፖሊስ ሳቁን እንዳልሰማ አልፎ፣ «ጋሼ፣ ይሁን ልክ ነዎት፤ እስቲ ወደ ውጭ ወጣ ብለን እንነጋገር» ይላል፤ ነገሩም በሒሳብ ይበርዳል። ያልበሰለው ግን ክብሩ የተነካ መስሎት ዱላውን ይመዛል፤ ሃምሳ አለቃውም ወንበር ያነሣል፤ በ5 ብር ጠብ የጀመረው ሌሊት በሆስፒታል ወይም ከዚያ በከፋ ስፍራ ያድራል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እህል ለፈሰሰ እንጂ ደም ለፈሰሰ አይሠራም፤ ደም አይለቀምምና።

ሌላም አለ። ባሏ የደበደባት ሚስት በሌሊት ወደ ጣቢያ ትመጣለች። ተረኛው ጢሙን ያላበቀለ ጎረምሳ ከሆነ የደረሰባትን እንዴት ትነግረዋለች? እርሱስ ምን ብሎ ይጠይቃታል? የወሰን ጠብ ያለባቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ የተጣሉ የእድር ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ፣ ልጁ የጠፋበት አባት፣ ራሷን ለማጥፋት ከድልድይ ላይ የቆመች ልጃገረድ፣ ሁሉም የፖሊስ ደንበኞች ናቸው። ከእነዚህ ከአብዛኞቹ ጋር የሚያስፈልገው ጠመንጃ አይደለም፤ መስማት የሚችል ጆሮ፣ ደንግጦ የማይደነግጥ ፊትና የሰው ኀዘን የገባው ልብ ነው። እነዚህን ደግሞ ከመጽሐፍ ይልቅ ኑሮ ያስተምራቸዋል።

ያለፈው ታሪካችንም በዚህ ረገድ ሊረሳ የማይገባው ትምህርት ትቶልን አልፏል። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በየቀበሌው በአብዮት ጥበቃ ስም መሣሪያ ከታደላቸው መካከል ብዙዎቹ በጣም ወጣቶች ነበሩ። የሚፈትሹት፣ የሚይዙትና የሚያስሩት ያደጉበትን ሠፈር ሰው ነበር። የሥነ ሥርዓት ሕግ አልተማሩም፤ ከበላያቸው የሚቆጣጠራቸው ዳኛ አልነበረም፤ የሚሰሙት መፈክር ብቻ ነበር። ቀይ ሽብር ተብሎ በሚታወቀው በዚያ ዘመን ስንት እናት በደጇ እንዳለቀሰች የየከተማው ሰው ያውቀዋል። ኃላፊነቱ ከሁሉ በፊት የወጣቶቹ ሳይሆን መሣሪያውን በእጃቸው ያኖሩትና ትእዛዙን የሰጡት የአዋቂዎች ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በቀድሞው መንግሥት መሪዎች ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ መስጠቱም ይታወሳል። ነገር ግን ቃታውን የሳበው ጎረምሳ ዕድሜ ልኩን ያንን ሌሊት ተሸክሞ ኖሯል። ያልበሰለን እጅ የሕግ ስም አልብሶ ማሰማራት የሚጎዳው ሁለት ወገን ነው፤ የተተኮሰበትንም፣ የተኮሰውንም።

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ እንዴት መለሱት? መልሳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ ለኮንስታብልነት የሚመለመሉት ከ18 እስከ 28 ዓመት ያሉት ናቸው። በኒው ዮርክ ከተማ ለመሾም 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው። በእንግሊዝ አገር 18 ዓመት የሞላው ሊሾም ይችላል፤ ሆኖም አብዛኛው የእንግሊዝ ፖሊስ በዘወትር ሥራው ጠመንጃ እንደማይዝ መዘንጋት የለበትም። ኖርዌይ ወጣቶችን ተቀብላ 3 ዓመት ሙሉ በፖሊስ ኮሌጅ ታስተምራለች፤ በጀርመንም ሥልጠናው እንደየክፍለ ሀገሩ ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። በለጋ ዕድሜ የሚቀበል አገር ወይ ሥልጠናውን ያረዝማል፣ ወይ መሣሪያውን ያርቃል። በለጋ ዕድሜ ተቀብሎ፣ በጥቂት ወራት አሠልጥኖ፣ ጠመንጃ አስታጥቆ ለብቻ ማሰማራት ሦስቱም በአንድ ላይ ሲገናኙ ግን አደጋ ነው።

በሌላ በኩል ዕድሜ ብቻውን ብስለት አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1829 የለንደን ፖሊስ ሲቋቋም ተቀጣሪዎቹ ከ35 ዓመት በታች የሆኑ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ጠባያቸው የተመሰገነ እንዲሆኑ ተፈልጎ ነበር፤ ሆኖም ከመጀመሪያዎቹ ቅጥረኞች ብዙዎቹ በስካር ምክንያት ተባርረዋል። በቅርብ ጊዜ የሆነውም ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ በመናፈሻ ይጫወት የነበረን የ12 ዓመት ልጅ አንድ ፖሊስ ከመኪና በወረደ በ2 ሰከንድ ያህል ውስጥ ተኩሶ ገደለው። ፖሊሱ 26 ዓመቱ ነበር፤ በዕድሜ ልጅ አልነበረም። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት ይሠራበት በነበረው የሌላ ከተማ ፖሊስ ውስጥ አለቆቹ በተኩስ ልምምድ ጊዜ መረጋጋት እንደሚያቅተው፣ ጊዜም ሆነ ሥልጠና ይህን ጉድለት ያርመዋል ብለው እንደማያምኑ ጽፈውበት ነበር። ክሊቭላንድ ሲቀጥረው ያንን ፋይል አላየውም። ከተማይቱ ኋላ ለሟቹ ቤተሰብ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፤ ልጁን ግን ገንዘብ አልመለሰውም። እዚያ የጎደለው የልደት ወረቀት አልነበረም፤ የሚያውቁትን ሰዎች የመጠየቅ ትጋት ነበር።

ይህ ትጋት በተለይ የሚጠፋው በጭንቅ ጊዜ ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 የተካሔደውን የፖሊስ ምልመላ ጉቦና ብልሹ አሠራር ታይቶበታል በማለት የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ጥቅምት ውድቅ አድርጎት ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ላይ በደረሰው ጥቃት ከ140 የሚበልጡ ሰዎች ባለቁ ጊዜ ግን እነዚያው 10,000 ምልምሎች ወደ ማሠልጠኛ እንዲገቡ ከአገሪቱ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ተላለፈ። የመሪውን ጭንቀት ማንም ይረዳዋል። ሕዝብ ሲያልቅ «ፖሊስ ጨምሩ» ማለት የሰው ባሕርይ ነው። ነገር ግን ዛሬ በጭንቀት ያለ ማጣሪያ የገባው ምልምል ነገ ጭንቀቱ ካለፈ በኋላም ለ30 ዓመታት መለዮ ለብሶ ይኖራል። የአንድ ወር ችግር የአንድ ትውልድ ችግር እንዳይወልድ መጠንቀቅ የአስተዳዳሪዎች ኃላፊነት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሌላ እንቅፋት እናገኛለን፤ ዕድሜውን ራሱን ማረጋገጥ። አብዛኛው ሕዝባችን የልደት ቀኑን የሚቆጥረው «በእንዲህ ያለው ድርቅ ጊዜ»፣ «እገሌ በሞተ በዓመቱ» እያለ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ 18 ዓመት የሚሞላቸው ወጣቶች በሙሉ ከምዝገባው በፊት የተወለዱ ናቸው ማለት ነው። የክርስትና ወረቀት ያለው ያቀርባል፤ የሌለው የትምህርት ቤት ማስረጃ ወይም የሦስት ምስክሮች ቃል ያመጣል። ሐኪም በእጅ አንጓ ራጅና በጥርስ ሊገምት ይችላል፤ ግምቱ ግን የዓመታት ልዩነት አለው። በዚህም ምክንያት ሥራ የቸገረው የ16 ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ጨምሮ፣ የ30 ዓመቱም ሰው አምስት ዓመት ቀንሶ ሲመዘገብ መልማዩ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ይህ ለልጁ ውለታ አይደለም። ገና በትምህርት ቤት ወንበር ላይ መቀመጥ የሚገባውን ልጅ ወደ ሬሳና ወደ ወንበዴ መላክ ነው።

የተቃዋሚዎችንም ሐሳብ ማስተናገድ ተገቢ ነው። «ወጣቱ ትምህርቱን በ18 ዓመቱ ይጨርሳል፤ 21 ዓመት እስኪሞላው ጠብቅ ቢባል ሦስት ዓመት በመንገድ ላይ ይውላል፤ ከዚያ ወዲያ የተሻለው ወደ ሌላ ሥራ ይሔዳል፤ ለፖሊስ የሚቀረው ሌላ ያልተገኘለት ይሆናል» ይላሉ። እውነትነት አለው። ከድኻ ቤት የወጣ ልጅ የፖሊስ ደመወዝ እናቱንና ታናናሾቹን የሚያኖርበት መሆኑንም አንዘነጋም። ደግሞ ወጣትነት የራሱ በረከት አለው፤ ጉልበት አለ፤ የመማር ፍላጎት አለ፤ በጉቦ ያልቆሸሸ ልብ አለ፤ የዘመኑን መሣሪያና የእኩዮቹን ቋንቋ ያውቃል። እኛም ወጣቱ ከፖሊስ ቤት ይባረር አላልንም። የምንለው በሩ በ18 ዓመት ይከፈት፤ ጠመንጃውና የብቻ ሥምሪቱ ግን በብስለት ይሰጥ ነው።

ይህ ሊሠራ የሚችልበት መንገድ ሩቅ አይደለም። 18 ዓመት ሞልቶት የተመለመለው ወጣት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በትምህርትና በልምምድ ያሳልፍ። በትራፊክ፣ በመዝገብ አያያዝ፣ በመጀመሪያ የሕክምና ዕርዳታ፣ በጠፉ ልጆች ፍለጋ፣ በትምህርት ቤቶች አካባቢ ጥበቃ ይሥራ። ደመወዙን ያግኝ፤ መለዮውንም ይልበስ። በመንገድ ላይ ሲሠማራ ከአንድ ነባር ሳጅን ጋር ይጣመር፤ ማታ ሲመለሱም የዕለቱን ውሎ ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት። «ያንን ሰው ስለምን ያዝከው? ባትይዘው ምን ይሆን ነበር?» የሚል ጥያቄ ከአንድ አዛውንት ፖሊስ አፍ ሲወጣ ከብዙ ገጽ መጽሐፍ ይልቅ ይቀራል። 21 ዓመት ሞልቶት፣ አሳዳጊው ሳጅንም «ይህ ልጅ ለብቻው ሊታመን ይችላል» ብሎ በፊርማው ሲመሰክርለት መሣሪያ ይዞ ለብቻ ይሠማራ። ሳጅኑም ለፊርማው ተጠያቂ ይሁን።

ከዚህም ጋር ማጣሪያው ከሜዳ ሩጫና ከቁመት መለኪያ ማለፍ አለበት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1979 ባጸደቀው የሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ ኃይል መጠቀም የሚፈቀደው የግድ አስፈላጊ ሲሆንና ለግዳጁ በሚበቃው መጠን ብቻ መሆኑ ተደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ1990 በሐቫና የጸደቁት የኃይልና የመሣሪያ አጠቃቀም መሠረታዊ መርሖዎችም ፖሊሶች በአግባቡ ተጣርተው እንዲመረጡ፣ ለሥራው የሚመጥን የሞራል፣ የአእምሮና የአካል ብቃት እንዲኖራቸው፣ ብቃታቸውም በየጊዜው እንደገና እንዲታይ ይጠይቃሉ። እኛ ዘንድ ይህን ለመፈጸም የግድ ብዙ የሥነ ልቡና ሐኪም እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። የተመልማዩን መምህር፣ የእድር ሰብሳቢውን፣ ቀድሞ የቀጠረውን ሰው፣ ከሁሉም በላይ ጎረቤቶቹን መጠየቅ ይቻላል። ልጁ ሲሰደብ ምን ያደርጋል? ሲሸነፍ ምን ይላል? ታናሹን ይመታል ወይስ ይመክራል? ገንዘብ ቢቀመጥበት ይገኛል? የሠፈር ሰው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ የሚጠይቀው አጥቶ ነው እንጂ።

ከሠራዊቱ ተሰናብተው ወደ ፖሊስ መግባት ስለሚፈልጉ ወገኖችም አንድ ቃል እንጨምር። እነዚህ ሰዎች ዕድሜም፣ የመታዘዝ ልምድም፣ አደጋን የመቋቋም ጽናትም አላቸውና ለፖሊስ ትልቅ ሀብት ናቸው። ነገር ግን ምሽግ ውስጥ ያዳነ ልማድ በገበያ ውስጥ ሊገድል ይችላል። ጥርጣሬ ያየውን ሁሉ በጠላትነት እንዲያይ የሰለጠነ ዓይን ሕዝብን በወገንነት እንዲያይ እንደገና መሠልጠን ይኖርበታል። ስለዚህ ለነባሩ ወታደር የሚያስፈልገው አጭር የሕግ ገለጻ ብቻ ሳይሆን ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው የሚያሻግር እውነተኛ ትምህርት ነው። በጦርነት የደረሰበት የመንፈስ ጉዳት ካለም ሳያፍር የሚታከምበት መንገድ ሊዘጋጅለት ይገባል።

ሕዝቡም የራሱ ድርሻ አለው። ወላጅ ልጁ ቶሎ ደመወዝተኛ እንዲሆንለት በማለት ዕድሜውን አያስጨምር። ለምስክርነት የሚቆም ሰው ለወዳጁ ልጅ ብሎ የሐሰት ቃል ሲሰጥ ነገ ያ ልጅ በእርሱ በራሱ ደጅ ጠመንጃ ይዞ እንደሚቆም ያስብ። ወጣት ፖሊስ በመንገድ ላይ ሲያገኝም «ልጅ ነህ» ብሎ ማዋረድ፣ በአንጻሩም ለመለዮው ፈርቶ ማጎብደድ ሁለቱም ይጎዱታል፤ የመጀመሪያው ያስቆጣዋል፤ ሁለተኛው ያስታብየዋል። የሚያበስለው በአክብሮት የሚነገረው እውነት ነው። ሲሳሳት ለአለቃው በግልጽ ማመልከት፣ ሲያመሰግኑት በሚገባ ማመስገን ያስፈልጋል።

ወጣት የፖሊስ አባሎቻችንም ይህ ጽሑፍ እነርሱን ለመንቀፍ የተጻፈ እንዳይመስላቸው። ገና በማለዳ ዕድሜያቸው የሕዝብን እንቅልፍ ለመጠበቅ እንቅልፋቸውን ያጡ፣ ከዚያም አልፎ ሕይወታቸውን የሰጡ መኖራቸውን አገር ያውቃል። ብዙዎቹ ከዕድሜያቸው በላይ በስለው ተገኝተዋል። ነገር ግን እንዲህ መገኘታቸው የራሳቸው ጨዋነት እንጂ የአሠራሩ ትሩፋት አይደለም፤ የአንድ አገር ጸጥታም በዕድል ላይ ሊመሠረት አይችልም። የማያውቀውን ሸክም ተሸክሞ የወደቀውን ወጣት በፍርድ ቤት ከመክሰስ በፊት ሸክሙን ያሸከመው ማነው ብሎ መጠየቅ ፍትሕ ነው።

በአጠቃላይ መለዮ በአንድ ቀን ይሰፋል፤ ጠመንጃ በአንድ ፊርማ ከግምጃ ቤት ይወጣል፤ ሰው ግን በዓመታት ይሠራል። ስለዚህ የምልመላ ክፍሎች ዕድሜን በማስረጃ፣ ጠባይን በምስክር እንዲያረጋግጡ፤ የሥልጠና ተቋማት ከአካል ጥንካሬው እኩል ለማመዛዘን ችሎታ ጊዜ እንዲሰጡ፤ የጣቢያ አዛዦችም ለጋ ፖሊሶችን ለብቻቸው ወደ ሌሊት ሥምሪት ከመላክ እንዲቆጠቡ አጥብቀን እናሳስባለን። ሌሊት በሩ ሲንኳኳና «ማነው?» ሲል «ፖሊስ ነኝ» የሚል መልስ የሚሰማ ሰው ልቡ ሊያርፍ እንጂ ሊደነግጥ አይገባውም። ያ ዕረፍት የሚገኘው ከበሩ ውጭ የቆመው ሰው በዕድሜም በልቡናም የደረሰ ሲሆን ነው እንላለን።